ከግዳጅ ውጪ በጎ ፈቃድ መስራት ለሚፈልግ የሰራዊት አባል፡ ፈቃዱን ከአለቃ እንዴት እንደምታወጣ (ሀዋሳ ላላችሁ)

ባለፈው ሁለት ልጆች ሲቪል ለብሰው መጡና «ሃምሳ አለቃ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪ ማስጠናት እንፈልጋለን ግን አለቃችን አይፈቅድም» አሉኝ። መቼ ነው የጠየቃችሁት ስላቸው እርስ በርስ ተያዩና «አይ ገና አልጠየቅነውም» አሉ። ሳቄ መጣ፣ ግን እኔም በጊዜዬ እንደዛው ነበርኩ። ስለዚ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

እኔ 9 አመት በሰራዊቱ የመገናኛ ክፍል ውስጥ ሬድዮ ተሸክሜ አገልግዬ በክብር ተሰናብቼ አሁን ሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው የምኖረው። በሰራዊት ውስጥ እያለሁ ለሁለት አመት ምናምን የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ሚኒስትሪ ከመፈተናቸው በፊት ሂሳብ አስጠና ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሳምንት ያለ ፈቃድ ነው የሄድኩት፣ መውጫ (በእረፍት ቀን ከካምፕ መውጣት) ነበረኝ እኮ፣ በመውጫዬ ከተማ ገብቼ ቢራ ከምጠጣ ልጅ ባስጠና ማን ምን ይለኛል ብዬ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ ድንገት ቁጠራ (ሁሉም መኖሩን ስም እየጠሩ ማየት) ተጠራ። ስልኬን ክፍል ስገባ አጥፍቼዋለሁ፣ የት እንዳለሁ ደግሞ አንድም ሰው አያውቅም። ከዛ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም፣ ጥበቃ ተራዬ ግን ለረጅም ጊዜ ሌሊት ሌሊት ነበር።

ያኔ የገባኝ ነገር ይሄ ነው። አለቃ በጎ ስራ አይጠላም፣ ማንም አይጠላም። አለቃ የሚፈራው የማያውቀውን ነገር ነው። ወረቀትህን ሲያይ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመጡት ጥያቄዎች አራት ናቸው፡ ድንገት ብፈልገው በስንት ደቂቃ ይመጣል? እዛ ቦታ ቢጎዳ ማን ነው የሚጠየቀው? በሱ ስም ወይም በመለዮው የሚነግድ አለ ወይ? ገንዘብ አለው ወይ? እነዚህን እሱ ሳይጠይቅህ በፊት ወረቀት ላይ ከመለስክለት ለመፈረም አይከብደውም፣ ካልመለስክለት ግን «እስቲ እናየዋለን» ይልሃል፣ እሱ ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ።

መጀመሪያ፡ ልትሰራ ያሰብከው ነገር ምን አይነት ነው

ክፍሉ ራሱ የሚያወጣው ስራ አለ። ችግኝ ተከላ፣ የአርሶ አደር ሰብል መሰብሰብ፣ ክረምት ላይ የአቅመ ደካማ ቤት ማደስ። አረንጓዴ አሻራ 2011 ላይ ሲጀመር ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እዛ ውስጥ የሰራዊቱም እጅ አለበት። እንደዚ አይነቱ ስምሪት ነው፣ ፈቃድ አትጠይቅበትም፣ ውጣ ሲሉህ ትወጣለህ። እዚህ የማወራው አንተ በራስህ ጊዜ፣ በራስህ ፍላጎት፣ ሲቪል ልብስ ለብሰህ ስለምትሰራው ነው።

ከሱ ውስጥ ደግሞ ከነጭራሹ ባትጠይቅ የሚሻልህ አለ። አንደኛ ፖለቲካ የሚሸት ነገር ሁሉ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 87 ላይ ሰራዊቱ ተግባሩን ከማናቸውም የፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነፃ ሆኖ ያከናውናል ይላል፣ ስለዚ የፓርቲ ወጣት ክንፍ ያዘጋጀው ጽዳት ዘመቻ ላይ መጥረጊያ ይዘህ ብትቆም እንኳ ጀርባህ ያለው ባነር ነው የሚታየው፣ መጥረጊያው አይታይም። ሁለተኛ የሚከፈልበት ስራ። በጎ ፈቃድ ብለው ጠርተውህ በወር «ማበረታቻ» የሚሰጡህ ከሆነ ያ ስራ ነው፣ ጥያቄውም ሌላ ጥያቄ ነው፣ ሁለቱን አትደባልቅ። ሶስተኛ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ጥበቃና ጸጥታ። ሀዋሳ ውስጥ ሰው የሚበዛበት ቀን ብዙ ነው፣ ፍቼ ጨምበላላ ሲሆን ጉዱማሌ፣ ታህሳስ 19 ገብርኤል። አዘጋጆቹ ወታደር መሆንህን ካወቁ ወዲያው «አንተማ በር ላይ ቁም፣ ሰው አስተናብር» ይሉሃል። እሺ እንዳትል። ውሃ አድል፣ አዛውንት ደግፍ፣ ሲያልቅ ፕላስቲክ ልቀም፣ ሰው መፈተሽና ማስቆም ግን የፖሊስ ስራ ነው፣ አንድ ግፊያ ተፈጥሮ ሰው ቢወድቅ «ወታደር ገፋው» ነው የሚባለው።

ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ይሆናል ማለት ይቻላል። ማስጠናት፣ ሐይቅ ዳር ጽዳት፣ አረጋውያን ማገዝ፣ ቀይ መስቀል፣ የሰፈር ልጆች ኳስ ማሰልጠን።

ስለ ደም ልገሳ በመሃል አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ልጆች እሱን ስለሚመርጡ። በጣም ጥሩ ነው፣ በየሶስት ወሩ መስጠት ይቻላል፣ እድሜ ከ18 እስከ 65 ኪሎ ከ45 በላይ። ግን ነገ ከባድ ጉዞ ወይም ስልጠና ካለህ ዛሬ አትስጥ። ደም በሰጠህ ቀን ከባድ ነገር መሸከምና መሮጥ አይመከርም፣ ፈሳሽ መጠጣትና ማረፍ ነው ያለብህ፣ አንተ ደግሞ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተህ ሩጫ ከሆንክ ሰልፍ ላይ ትወድቃለህ። የሳምንቱን ፕሮግራም አይተህ፣ ለአለቃህ በቃል ነግረህ፣ አርብ ከሰዓት ወይም እረፍትህ የሚጀምርበት ቀን ላይ ስጥ።

ድርጅቱን አጥና

የምትሄድበት ቦታ ህጋዊ መሆኑን አንተ ነህ የምታረጋግጠው፣ አለቃህ አይደለም። ሲቪል ማህበረሰብ ድርጅት ከሆነ በአዋጅ 1113/2011 መሰረት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይኖረዋል፣ የክልል ከሆነ ከክልሉ የተሰጠው ይኖረዋል። «ኮፒውን ልታሳዩኝ ትችላላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ነውር አይደለም። ደንግጠው «ለምን ፈለከው» ካሉ መልስህን አገኘህ ማለት ነው። ቤተክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ትምህርት ቤት፣ ቀበሌ ከሆነ ደግሞ ማህተም ያለው ሃላፊ ማን እንደሆነ እወቅ።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቅ። ከውጭ የሚረዳ ድርጅት ከሆነ ችግር የለውም፣ ግን ወረቀትህ ላይ ጻፈው። በኋላ በሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ካንተ ቢሰማው ይሻላል።

ቀይ መስቀል ለመግባት የምታስቡ፣ እሱ 1927 የተመሰረተ አንጋፋ ማህበር ነው፣ ስልጠናቸው በተለይ የመጀመሪያ እርዳታው ለወታደርም ይጠቅማል። ግን ከመርሆቻቸው አንዱ ገለልተኝነት ነው። ስለዚ ወታደር መሆንህን ከመጀመሪያው ንገራቸው፣ የት ቦታ ቢያሰሩህ እንደሚሻል እነሱ ያውቁታል። የነሱን አርማ ያለበት ሰደርያ ለብሰህ ከስር የሬንጀር ሱሪ ማድረግ የሚባል ነገር ደግሞ እንዳይታሰብ፣ አይቼ ነው የምናገረው።

የራስህን ሰዓት ቁጠር

ይሄ ክፍል ላይ ነው ልጆች የሚሰንፉት። «በትርፍ ሰዓቴ» ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም። የጥበቃ ተራህን፣ የስልጠና ቀንህን፣ ቁጠራ ስንት ሰዓት እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጥና የቀረውን እይ። እኔ ሳወጣው በሳምንት ስምንት ሰዓት ያለኝ ይመስለኝ ነበር፣ ሲቆጠር ግን እርግጠኛ የምሆንበት ሶስት ሰዓት ብቻ ሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6። የጠየቅኩት ሁለት ሰዓት ነው። ሁሌ ካለህ ቀንሰህ ጠይቅ፣ አንድ ቀን ብታረፍድ መመለሻ ይኖርሃል።

ከዛ መንገዱን ለካ። በጎግል ማፕ አይደለም፣ ሂድና ለካ፣ ቅዳሜ ራሱ፣ በዛው ሰዓት። ከአሞራ ገደል አካባቢ እሁድ ጠዋት በባጃጅ መመለስና ገበያ ቀን መናኸሪያ አካባቢን አቋርጦ መመለስ አንድ አይደለም። ቱላ በኩል ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲዘንብ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ምን እንደሚሆን እናውቀዋለን። «ጥሪ ቢደርሰኝ በ25 ደቂቃ ውስጥ እገኛለሁ» ብለህ የምትጽፈው ቁጥር እውነት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም አንዳንድ አለቃ ይሞክርሃል። የኔ ሞክሮኛል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደውሎ «ና» አለኝ፣ ባጃጅ በኮንትራት ይዤ ስደርስ ሰዓቱን አይቶ «ተመለስ» አለኝ። ከዛ በኋላ አንድም ቀን አልደወለም።

ከድርጅቱ ደብዳቤ አምጣ

የትብብር ደብዳቤ ነው፣ ቲተርና ማህተም ያለው፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ። ብዙ ጊዜ እነሱ የሚጽፉት «ለሚመለከተው ሁሉ፣ አቶ እገሌ በጎ ፈቃደኛችን ስለሆኑ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው» የሚል ነው፣ እሱ አይረዳህም። እነዚህ ነገሮች እንዲገቡ ለምናቸው፡ ምን እንደምትሰራ፣ የት እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ክፍያ እንደሌለው (የትራንስፖርት ወይም የምሳ የሚሰጡ ከሆነ ስንት ብር እንደሆነ ራሱ ይጻፍ፣ 100 ብርም ትሁን)፣ ስራ ላይ ብትጎዳ እነሱ ምን እንደሚሸፍኑ፣ የሚገኝ ሰው ስምና ስልክ። እና አንዷ ዋናዋ መስመር፣ «አባሉ ለመደበኛ ግዳጅ በተፈለገ ጊዜ ያለ ቅድመ ሁኔታ እንዲሄድ የምንተባበር መሆኑን እንገልጻለን»። ይቺ መስመር አለቃን ታረጋጋለች፣ በጣም።

ደብዳቤው ላይ የክፍልህ መጠሪያና ቦታ ምናምን እንዳይገባ። ፎርም ሲያስሞሉህም «የስራ ቦታ» የሚለው ላይ የሰራዊት አባል ብለህ በቃ እሱ ይበቃል፣ የትኛው ሻለቃ የትኛው ሻምበል እያልክ አትዘርዝር።

ማመልከቻህ

በእጅህም ብትጽፈው ችግር የለም፣ ንጹህ ይሁን ብቻ። ታሪክህን አትጻፍ፣ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት ያስደስተኛል» የሚለው ይቅር። እኔ የምመክረው እንደዚ ነው፡

«ቀን ______
ለ ______ አዛዥ
ጉዳዩ፡ ከመደበኛ ስራ ሰዓት ውጪ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለመስጠት ፈቃድ ስለመጠየቅ

እኔ ማዕረግና ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው አባል፣ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡30 እስከ 5፡30 ሀዋሳ ከተማ ______ ክፍለ ከተማ በሚገኘው ______ ትምህርት ቤት ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሂሳብ ትምህርት በነጻ ለማስጠናት ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አገልግሎቱ ከ______ እስከ ______ የሚቆይ ሲሆን ክፍያ የለውም። አገልግሎቱን የምሰጠው በሲቪል ልብስ ነው። ጥሪ ሲደርሰኝ በ25 ደቂቃ ውስጥ እመለሳለሁ፤ ስልኬ ______ ዘወትር ክፍት ነው፤ እኔ ካልተገኘሁ የትምህርት ቤቱ ተጠሪ ስልክ ______ ነው። ግዳጅ፣ ስልጠናና የጥበቃ ተራ ሲኖር የማልገኝ መሆኑን ለትምህርት ቤቱ አሳውቄያለሁ። የትምህርት ቤቱን የትብብር ደብዳቤ 1 ገጽ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ማዕረግ፣ ሙሉ ስም፣ ፊርማ»

ማለቂያ ቀን እንዳትረሳ። «ላልተወሰነ ጊዜ» ለሚል ነገር ማንም አይፈርምም፣ «እስከ ሰኔ 15» ለሚል ግን ይፈርማል፣ ቢበዛ ሶስት አራት ወር ነው ይላል በሆዱ። ካለቀ በኋላ ማራዘም ቀላል ነው፣ ስራህን አይቷላ።

ይዘህ ስትገባ

መጀመሪያ ለቀጥታ አለቃህ። የሻለቃው አዛዥ የሀገርህ ልጅ ቢሆን እንኳ ተሻግረህ እንዳትሄድ፣ ፈቃዱን ብታገኝ እንኳ በየሳምንቱ መውጫ የሚሰጥህ የተዘለለው ሰውዬ ነው። ከማስገባትህ በፊት በቃል ንገረው፣ «አለቃ እንዲህ ያለ ነገር አስቤያለሁ፣ ወረቀት ከማስገባቴ በፊት የእርስዎን ሀሳብ ልስማ» በለው። ወይ ይመክርሃል ወይ ያስተካክልሃል፣ አንዳንዴ ራሱ ወረቀቱን ይዞልህ ወደ ላይ ይሄዳል።

ጊዜ ምረጥ። ከቁጥጥር በፊት፣ ስልጠና ሲጀመር፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀው እያለ አትግባ። ጥቅምት 15 የሰራዊት ቀን አካባቢም ሁሉም ሰው ዝግጅት ላይ ነው፣ ወረቀትህ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ነው የሚቀረው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምናምን ጥሩ ነው፣ የኔ ልምድ ነው።

መዝገብ ቤት ሲገባ የገቢ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፍ፣ ከማስገባትህ በፊት ደግሞ ኮፒ አድርግ ወይም በስልክ አንሳው (ካሜራ በማይፈቀድበት ቦታ አይደለም፣ ውጪ ላይ)። ሁለት ሳምንት ጠብቅ። ከዛ «አለቃ ያቺ ነገር የት ደረሰች» በል፣ ቀስ ብለህ። በየቀኑ እየሄድክ አትነዝንዝ። በቃል «ሂድ ችግር የለም» ቢልህ ደስ ይላል ግን ፈቃድ አይደለም፣ እሱ የተቀየረ ቀን ቃሉም አብሮ ይሄዳል። «እሺ አለቃ፣ ወረቀቷ ላይ ብቻ ይምሩልኝ» በል። አንድ መስመር ምሪትና ፊርማ ትበቃለች።

እምቢ ሲልህ

አትከራከር። «ምን ባስተካክል ይሻላል?» ብለህ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ እምቢታው ሰዓቱን፣ ቦታውን ወይ ድርጅቱን ነው እንጂ ስራውን አይደለም። ጓደኛዬ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወጥቶ ፕላስቲክ የመሰብሰብ ፕሮግራም ጠይቆ ተከለከለ። አለቃው ጉማሬ አለ፣ ዋና ትችላለህ ወይ ምናምን አለው፣ እውነቱን ነው፣ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ጉማሬ አለ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ዋና አይችልም። ዳር ዳር ብቻ፣ በእግር፣ ብሎ አስተካክሎ ሲያስገባ በሳምንቱ ተፈቀደለት። ክፍሉ ዝግጁነት ላይ ስለሆነ ነው የተከለከልከው ከሆነ ግን በቃ ጠብቅ፣ እዛ ላይ የሚስተካከል ነገር የለም።

ከተፈቀደ በኋላ

ፈቃዱን ማጣት ከማግኘት ይቀላል። የኔ ሁለተኛ ጣጣዬ እዚህ ጋር ነው። ከማስጠናቱ ሌላ አንድ በጎ አድራጎት ማህበር (ስሙ ይቅር) ለአንድ ቀን ደብተር ማደል ላይ ጠርቶኝ ሄድኩ፣ በማግስቱ ፎቶዬን ከነማዕረጌና ሙሉ ስሜ ፌስቡክ ላይ ለጥፈው «የመከላከያ ሰራዊት ከጎናችን ነው» ብለው ከስር የባንክ ሂሳብ ቁጥር አስቀምጠዋል። እኔ ከጎናቸው የነበርኩት ብቻዬን ነው፣ ያውም ለሶስት ሰዓት። እስኪያነሱት አራት ቀን ፈጀ፣ እኔ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ ስገልጽ ከረምኩ። ስለዚ ገና ከመጀመሪያው ቀን ንገራቸው፣ ፎቶ የለም፣ ታግ የለም፣ ማዕረግ አይጠራም። የግድ ከሆነ ከጀርባ ያንሱህ።

ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያስገቡሃል፣ ግባ፣ ግን ስትቀር ምን እንደምትጽፍ አስብ። «ዛሬ አልመጣም ግዳጅ ልንወጣ ነው» ብሎ 200 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ የጻፈ ልጅ አውቃለሁ። ክፍልህ የት እንደሚሄድና መቼ እንደሚሄድ ነው የጻፍከው እኮ! «ዛሬ አልመቸኝም» በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ የለም። ሎኬሽን ሼር ማድረግም እንደዛው።

ልብስ ሲቪል፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጫማውም ጭምር። ስልክ ሁሌ ክፍት፣ ድምጹን ቀንሰህ ቫይብሬት ላይ። ስትወጣ የት እንደምትሄድ ተረኛ መኮንኑ ጋር አስመዝግብ፣ ፈቃድ አለኝ ብለህ አትለፈው፣ ቁጠራ ላይ ስምህ ሲጠራ «ቅዳሜ ጠዋት የሚያስጠናበት ነው ያለው» የሚል ሰው ያስፈልግሃል።

እህቶቼ ለናንተ ደግሞ አንድ ነገር፣ የምትሄዱበት ቦታ ማታ ከሆነ ወይም ሰው ቤት እየሄዱ ማገዝ ከሆነ ሁለት ሆናችሁ ጠይቁ፣ በአንድ ማመልከቻ ላይ ሁለት ስም። ለአለቃም ይቀለዋል፣ ለናንተም።

ዝውውር ከመጣ ፈቃዱ አብሮህ አይሄድም፣ አዲሱ ክፍል እንደ አዲስ ነው። ግን ከቀድሞው ድርጅት ምን ያህል ጊዜ እንደሰራህና በሰዓቱ ትገኝ እንደነበር የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ይዘህ ከሄድክ ሁለተኛው ማመልከቻ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። እሱን ደብዳቤ ዝውውሩ ሳይመጣ በየስድስት ወሩ አስጽፍ፣ ዝውውር ሲመጣ ቀን አይሰጥም። ለልጆቹም እንዲሁ፣ የደረስክበትን ምዕራፍ ሁሌ ደብተር ላይ ጽፈህ ደብተሩን እዛው ትምህርት ቤት ተወው። እኔ አንድ ሐሙስ ማታ ተነስቼ ስሄድ ቅዳሜ የመጣው ልጅ ከእኩልዮሽ ገጽ 61 ነው የቀጠለው።